መካከለኛዋ ካሜራ እና የታሪክ ማስረጃ፦ የኒኮን ዲ90 ብርታትና ድክመት

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ በሚመች መልኩ የተስተካከለ



የዛሬው ርእስ ለታሪክ ትምህርት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ከአንድ የታሪክ መምህር የሚጠበቀው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ርስትና ጉልት፣ ስለ ንግድ መስመሮች እንዲናገር ነው እንጂ ስለ አንዲት ካሜራ እንዲያወራ አይደለም። ሆኖም ምክንያት አለኝ። የታሪክ ሰው አንድ ብራና ሲቀርብለት ጽሑፉን ከማንበቡ ጋር ቆዳውን፣ ቀለሙን፣ የጸሐፊውን እጅና የጥራዙን ስፌት ይመረምራል። ጽሑፉ የተሠራበት ነገር ስለ ጽሑፉ እንደሚመሰክር ያውቃልና። ፎቶግራፍን ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክፍት መስኮት እንቀበለዋለን። ምን ዓይነት መሣሪያ አነሣው፣ መሣሪያው ምን ማየት ይችል ነበር፣ ምንስ ያመልጠው ነበር ብለን አንጠይቅም።

ከዛሬ መቶ ዓመት በኋላ የእኛን ዘመን የሚጽፍ የታሪክ ሰው ማስረጃው በብዛት ዲጂታል ምስል ይሆናል። ከእነዚያም ምስሎች ብዙዎቹ በውድ የባለሙያ ካሜራዎች የተነሡ አይደሉም። በመካከለኛ ደረጃ ካሜራ የተነሡ ናቸው። በመሆኑም ዛሬ አንዲትን መካከለኛ ካሜራ፣ በ2008 ገበያ ላይ የዋለችውን ኒኮን ዲ90ን፣ እንደ አንድ የታሪክ ምንጭ እንድንመረምር እጋብዛችኋለሁ። ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የአንድ መሣሪያ ድክመት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የድክመቶቹን ዓይነት ለይተን ካላወቅን መሣሪያው የተወልንን ማስረጃ በትክክል ማንበብ አንችልም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፤ በተለየ ሁኔታ ካላመለከትሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመስታወቱ ታሪክ

በአጭሩ ኤስኤልአር የምንለው ካሜራ በአንድ ሌንስ የሚያይም የሚያነሣም ነው። በሌንሱ የገባውን ብርሃን ከበስተኋላው ያለ መስታወት ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ፔንታፕሪዝም የተባለው ብርጭቆ ደግሞ ምስሉን አቃንቶ ለዓይን ያቀርበዋል። ጣት ቁልፉን ሲጫን መስታወቱ ከፍ ይላል፣ መጋረጃው ይከፈታል፣ ብርሃኑ ፊልሙ ወይም ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፣ መስታወቱም ተመልሶ ይወርዳል። የካሜራው ታዋቂ ድምፅ በአመዛኙ የዚህ መስታወት ድምፅ ነው።

አሠራሩ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1936 በጀርመን ድሬስደን ከተማ ኢሃጌ የተባለው ድርጅት ኪኔ ኤክዛክታ የተሰኘችውን ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ ለገበያ አቀረበ። በዚያች ካሜራ ፎቶ አንሺው ምስሉን የሚያየው ከላይ ወደ ታች አጎንብሶ ሲሆን ግራና ቀኙም ተገልብጦ ይታየው ነበር። በ1949 በዚያችው ድሬስደን የወጣችው ኮንታክስ ኤስ በፔንታፕሪዝም አማካይነት ይህን ችግር አስወገደች። በ1954 የጃፓኑ አሳሂ ድርጅት ከተነሣ በኋላ ወዲያው ወደ ቦታው የሚመለስ መስታወት ያላት ካሜራ ሠራ። በ1959 ደግሞ ኒኮን ኤፍ ወጣች። ከእርሷ ጋር የመጣው የሌንስ ማያያዣ፣ ብዙ ማሻሻያ ቢደረግበትም፣ ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ በዲ90 ላይ የምናገኘው ያው ማያያዣ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዲጂታሉ ወገን የሚጀምረው በሌላ ስፍራ ነው። በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን አንድ ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ የሚፈጅ መሣሪያ ሠራ፤ ምስሉ 0.01 ሜጋፒክስል ብቻ ነበር። በ1991 ኮዳክ የኒኮን ኤፍ3ን አካል ተጠቅሞ ባለ 1.3 ሜጋፒክስል ካሜራ ለጋዜጠኞች አቀረበ፤ የምስሉ ማከማቻ ግን በትከሻ የሚንጠለጠል የተለየ ሣጥን ነበር። በ1999 ኒኮን ዲ1 በ5000 ዶላር ገደማ ወጣች። በ2003 ካኖን 300ዲ የተባለችውን አካሏ ከ1000 ዶላር በታች የሚሸጥ ካሜራ ሲያወጣ፣ ዲጂታል ኤስኤልአር ከዜና ድርጅቶች እጅ ወጥቶ ወደ መምህሩ፣ ወደ ሠርግ ፎቶ አንሺውና ወደ ተመራማሪው እጅ መግባት ጀመረ።

መካከለኛ ማለት ምን ማለት ነው?

መካከለኛ የሚለው ቃል ብቻውን ትርጉም የለውም። ከማን በላይ፣ ከማን በታች ተብሎ መጠየቅ አለበት። በ2008 የኒኮንን ካሜራዎች በደረጃ ብንደረድራቸው ከታች ዲ60፣ ከዚያ ዲ90፣ ቀጥሎ ዲ300፣ ከዚያ ዲ700፣ ከላይ ደግሞ ዲ3 ነበሩ። ዲ90 አካሏ ብቻ በአሜሪካ ገበያ 1000 ዶላር ገደማ ስትሸጥ፣ ዲ300 በወጣችበት ጊዜ ዋጋዋ 1800 ዶላር ገደማ፣ ዲ3 ደግሞ ወደ 5000 ዶላር ነበር።

እንግዲህ አንድ አምራች አምስት ደረጃ ያለው መሰላል ሲሠራ እያንዳንዱ ደረጃ ከላይኛው አንድ ነገር ሊጎድለው ይገባል፤ አለዚያ ማንም ወደ ላይኛው አይወጣም። ስለዚህ የመካከለኛዋ ካሜራ ታሪክ ምን ተሰጣት የሚል ብቻ ሳይሆን ምን ተነፈጋት የሚልም ነው።

ዲ90 ይፋ የሆነችው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 2008 ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 21 ቀን 2000 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የሚሌኒየሙ ዓመት ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ቀኑ ለካሜራ ታሪክ ልዩ ትርጉም አለው። በተከታዮቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ሁለት ሌሎች ካሜራዎች ይፋ ሆነዋል። አንደኛዋ መስታወቱን ጨርሶ ያስወገደችው ፓናሶኒክ ጂ1 ስትሆን ሁለተኛዋ ሙሉ ጥራት ያለው ቪዲዮ የምትቀርጸው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ናት። የዲጂታል ኤስኤልአር ከፍታና የማክተሚያው መጀመሪያ በአንድ ወር ውስጥ ተገናኙ ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ግን ይህን በግልጽ ያየ ብዙ ሰው አልነበረም።

ብርታቶቿ

የመጀመሪያው ብርታቷ ሴንሰሯ ነው። ባለ 12.3 ሜጋፒክስል የሆነው ሴንሰር በስፋቱ 23.6 በ15.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ውድ ከሆነችው ከዲ300 የምስል ጥራት ጋር በእጅጉ የተቀራረበ ውጤት ይሰጥ ነበር። ምስሉ 4288 በ2848 ነጥቦች አሉት። የብርሃን ትብነቷ ከአይኤስኦ 200 እስከ 3200 ይደርሳል። በፊልም ዘመን ብዙው ሰው 100፣ 200 ወይም 400 በሚል ቁጥር የሚታወቅ ፊልም ይዞ፣ እስኪያልቅ ድረስ በዚያው ትብነት ታስሮ ይቆይ እንደነበር ለምናስታውስ ሰዎች፣ በአንድ ማዞሪያ ትብነትን ከፍሬም ወደ ፍሬም መለወጥ መቻል ትልቅ ነገር ነበር። በጧፍ ብርሃን የሚካሄድ ሥርዓት ፍላሽ ሳይበራ፣ ካህናቱም ምእመናኑም ሳይረበሹ፣ ሊነሣ ቻለ።

ሁለተኛው ብርታቷ መስኮቷ ነው። ርካሾቹ ካሜራዎች ከብርጭቆ ፕሪዝም ይልቅ የተገጣጠሙ መስታወቶችን ስለሚጠቀሙ በመስኮታቸው የሚታየው ምስል ጠባብና ደብዘዝ ያለ ነው። ዲ90 እውነተኛ ፔንታፕሪዝም አላት። ከጀርባዋ ያለው ባለ 3 ኢንች ስክሪንም 920 ሺህ ነጥቦች ስላሉት አንድ ምስል ጥርት ማለት አለማለቱን እዚያው ቦታ ላይ ለማረጋገጥ ያስችላል። ለመስክ ተመራማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስት ቀን ተጉዞ የደረሰበትን ገዳም ለቅቆ ከመሄዱ በፊት ሥራው መሳካቱን ያውቃል።

ሦስተኛው ብርታቷ በአካሏ ውስጥ ያለው የፎከስ ሞተር ነው። ከበታቿ ያለችው ዲ60 ይህ ሞተር ስለሌላት የራሳቸው ሞተር የሌላቸው የቀድሞ ሌንሶች ሲገጠሙባት ፎከሱን በእጅ ማስተካከል ግድ ይላል። ዲ90 ግን እነዚያን ሌንሶች ራሷ ታዞራለች። ለምሳሌ በዚያን ጊዜ ከ150 ዶላር በታች ይሸጥ የነበረው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእርሷ ላይ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ሌንስ በዘመድ ሻንጣ ከውጭ በሚመጣበት፣ ያገለገለ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት አገር ይህ ሞተር ከብዙ ሜጋፒክስል የበለጠ ዋጋ አለው።

አራተኛው ጽናቷ ነው። አምራቹ ባወጣው መለኪያ መሠረት በአንድ የባትሪ ሙሌት እስከ 850 ምስል ታነሣለች፤ መጋረጃዋም ለ100 ሺህ ምት ተፈትኗል። ያለ ባትሪ 620 ግራም ብቻ የምትመዝን በመሆኗ ዳገት ለሚወጣ ሰው ሸክም አትሆንም።

ድክመቶቿና የድክመት ዓይነቶች

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ እመጣለሁ። የዲ90ን ድክመቶች በሦስት እከፍላቸዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ከተፈጥሯዋ የሚመነጩ ናቸው። መስታወት ያለው ካሜራ ሁሉ መስታወቱ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል። ካሜራው በማቆሚያ ላይ ሆኖ በዝግታ በሚያነሣበት ጊዜ ይህች ትንሽ ንዝረት ጥቃቅን ፊደላትን ልታደበዝዝ ትችላለች። ፎከሱን የሚለካው ክፍል ከሴንሰሩ የተለየ በመሆኑም ሁለቱ በጥቂቱ ካልተጣጣሙ ካሜራው ጥርት አለ ያለው ነገር በምስሉ ላይ ጥርት ብሎ አይገኝም። እነዚህ የኒኮን ጥፋቶች አይደሉም። በ1936 የተመረጠው አሠራር ዋጋዎች ናቸው።

ሁለተኛዎቹ የዘመኑ ዕውቀት ወሰኖች ናቸው። ዲ90 ቪዲዮ መቅረጽ የቻለች የመጀመሪያዋ ዲጂታል ኤስኤልአር ናት። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ 1280 በ720 ነጥብ የሆነ ምስል ትቀርጻለች። ነገር ግን ሴንሰሯ ምስሉን የሚያነበው በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሆነ ካሜራዋ በፍጥነት ስትዞር ቀጥ ያለ ምሰሶ ያዘነብላል፣ ሕንፃው እንደ ጄሊ ይወዛወዛል። በቀረጻ ላይ እያለች ፎከሷን ራሷ ማስተካከል አትችልም። አንድ የጥራት ቀረጻ ከ5 ደቂቃ አያልፍም። ድምፁ በአንድ ማይክሮፎን ብቻ የሚቀዳ፣ ከስልክ ድምፅ ብዙም የማይሻል ሲሆን፣ የውጭ ማይክሮፎን የሚሰካበት ቀዳዳም የላትም።

ይህ ለእኛ ለታሪክ ሰዎች የሚያስከትለውን አስቡት። አንድ አረጋዊ ስለ ልጅነታቸው ሲተርኩ፣ ትዝታቸው ገና እየሞቀ ሲመጣ፣ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ቀረጻው ይቋረጣል። በዚህች ካሜራ የተቀዳ የቃል ታሪክ በአጫጭር ቁራጮች የተቆራረጠ ቢሆን፣ ተናጋሪው ወሬ ስለሚቆራርጡ ወይም ጠያቂው ስላቋረጣቸው ላይሆን ይችላል። መሣሪያዋ እንደዚያ ስለነበረች ነው። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ ከቁራጮቹ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ለቃል ታሪክ ዲ90ን ለምስል ብቻ መጠቀምና ድምፁን በተለየ መቅጃ መያዝ ተገቢ ነበር።

ያም ሆኖ የዚህች ጎዶሎ ቪዲዮ ታሪካዊ ውጤት ከጥራቷ በላይ ነው። ለፎቶ ተብሎ የተሠራ ሰፊ ሴንሰርና ተለዋዋጭ ሌንስ፣ ከፊት ያለውን ሰው አጥርቶ ከኋላ ያለውን ሲያደበዝዝ፣ እስከዚያ ድረስ በውድ የሲኒማ ካሜራ ብቻ የሚገኝ መልክ ፈጠረ። ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ያንኑ መንገድ ይበልጥ አሰፋችው። በ2010 ሃውስ የተሰኘው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ የስድስተኛው ምዕራፍ መዝጊያ ክፍል በእርሷ ተቀረጸ። በሩን መጀመሪያ የከፈተችው ግን መካከለኛዋ ካሜራ ናት።

ሦስተኛዎቹ ድክመቶች በውሳኔ የመጡ ናቸው፤ ለታሪክ ሰው ይበልጥ የሚያስተምሩትም እነዚህ ናቸው። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኋችሁን የሌንስ ማያያዣ አስታውሱ። ከ1977 ጀምሮ የተሠሩ በእጅ የሚሠሩ የኒኮን ሌንሶች በዲ90 ላይ ይገጠማሉ። ነገር ግን በገጠሙ ጊዜ የብርሃን መለኪያዋ ሥራ ያቆማል፤ ፎቶ አንሺው በግምት መሥራት ይኖርበታል። ከበላይዋ ያለችው ዲ300 ግን በእነዚያው ሌንሶች ብርሃን ትለካለች። የፎከስ አለመጣጣምን በምናሌ ውስጥ ገብቶ ማረም በዲ300 ይቻላል፤ በዲ90 አይቻልም። የዲ300 አካል አቧራና እርጥበት እንዳይገባ የታሸገ የብረት አካል ነው፤ የዲ90 ፕላስቲክ ሲሆን እሽግ አይደለም። በዲ300 መስኮት ምስሉ መቶ በመቶ ሲታይ በዲ90 የሚታየው 96 በመቶው ነው። የፎከስ ነጥቦቿም በዲ300 51 ሲሆኑ በዲ90 11 ናቸው።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ በእርግጥ የማምረቻ ወጪ ይጨምራሉ። ፎከስን በምናሌ የማረም ችሎታ ግን በዋናነት የሶፍትዌር ጉዳይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ የዲ90ን ቦታ የወሰደችው ዲ7000 ስትወጣ ፎከስ የማረሙም ሆነ በቀድሞ ሌንሶች ብርሃን የመለካቱ ችሎታ ተሰጣት፤ ዋጋዋም ከመካከለኛ ክልል አልወጣም። እንግዲህ ጉድለቱ ሊሞላ የማይችል አልነበረም። ደረጃን ከደረጃ ለመለየት የተሰመረ ወሰን ነበር።

ይህን ስል አምራቹን ለመውቀስ አይደለም። ማንኛውም ነጋዴ ዕቃውን በደረጃ ይለያል፤ በመርካቶም ቢሆን አንደኛ ደረጃና ሁለተኛ ደረጃ ጤፍ አለ። ልል የምፈልገው፣ በእጃችን ያለው መሣሪያ ወሰኖች ሁሉ የተፈጥሮ ሕግ አይደሉም። ከፊሎቹ ሰዎች በስብሰባ የወሰኗቸው ናቸው። የታሪክ ትምህርት ሥራም ተፈጥሯዊ መስሎ የሚታየውን ነገር ማን እንደወሰነው መጠየቅ ነው።

ብራና ፊት ስትቀመጥ

እስከ አሁን የተናገርሁት በቀጥታ ለሚመለከተን ጉዳይ መንደርደሪያ ነው። ይኸውም የጽሑፍ ቅርሶቻችን ቅጂ ነው።

በ1973 የኢትዮጵያ ብራና ጽሑፎችን በማይክሮፊልም የመቅዳት ታላቅ ሥራ ተጀመረ። ኢኤምኤምኤል በሚል ምሕፃር የሚታወቀው ይህ ሥራ 9000 ያህል ጽሑፎችን ቀርጾ አስቀርቷል። የእነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የካታሎግ ሥራም በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው። ውለታው ተነግሮ አያልቅም። ነገር ግን ማይክሮፊልሙ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነበር። በቀይ ቀለም የተጻፈው የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መክፈቻ ከጥቁሩ ጽሑፍ በግልጽ አይለይም፤ የሐረጉ ቀለማትም ጠፍተዋል። ሥራው ልዩ መሣሪያ፣ ልዩ ፊልምና የሠለጠነ ቡድን ይጠይቅ ስለነበር በማእከል የሚመራ ትልቅ ፕሮጀክት ካልሆነ በቀር ሊካሄድ አይችልም ነበር።

ዲጂታል ኤስኤልአር ወደ መካከለኛ ዋጋ ሲወርድ ይህ ሁኔታ ተለወጠ። በ2004 በብሪቲሽ ላይብረሪ የተቋቋመው ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራም በኢትዮጵያ ለተካሄዱ በርካታ የዲጂታል ቅጂ ሥራዎች ድጋፍ ሰጥቷል። ከ2009 እስከ 2015 በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተመራው ኢትዮ ስፔር በሰሜን ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የነበሩ ብራናዎችን መዝግቧል። ከእነዚህ ተቋማዊ ሥራዎች ሌላ፣ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ማቆሚያና በሁለት ባትሪ ተነሥቶ የአንድን ደብር ዕቃ ቤት ሊቀዳ የሚችልበት ዘመን መጣ። በእኔ እምነት የመካከለኛዋ ካሜራ ታላቁ ታሪካዊ ሚና ይህ ነው።

ይህች ካሜራ ለዚህ ሥራ ምን ያህል ትበቃ ነበር? በቁጥር እንየው። ለጽሑፍ ቅጂ በተለምዶ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ጥራት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው። የዲ90 ምስል በረጅሙ ጎን 4288 ነጥብ ስላለው፣ ለ300 ስናካፍለው 14.3 ኢንች፣ ማለትም 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነን ገጽ፣ ከጎኑ ማስመሪያና የቀለም መለኪያ ካርድ ተቀምጦ፣ አንድ ገጽ በአንድ ምስል እያደረግን ብንቀዳው መስፈርቱን ታሟላለች። ሁለቱን ትይዩ ገጾች በአንድ ምስል ካነሣን ግን ጥራቱ ለአነስተኛ መጽሐፍ ካልሆነ አይበቃም። 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ ትልቅ ወንጌል ደግሞ አንድ ገጽም ቢሆን ከመስፈርቱ በታች ይወርዳል። ይህን ስሌት ያልሠራ ሰው ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ሁለት ሁለት ገጽ እያነሣ ይመለሳል፤ በኅዳጉ ላይ በደቃቅ እጅ የተጻፈው የመሬት ስጦታ ማስታወሻ ግን አይነበብም። ብዙ ጊዜ ለታሪክ ሰው ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ የሚፈለገው ያ ማስታወሻ መሆኑን እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ።

ባትሪውንም እንቁጠር። 150 ቅጠል ያለው ብራና 300 ገጽ ነው። መብራት በሌለበት ገዳም በአንድ ባትሪ ከሁለት በላይ እንደዚህ ያሉ መጻሕፍት ሊቀዱ ይችላሉ። በጥሬ ፋይል ብናነሣ እያንዳንዱ ምስል ወደ 11 ሜጋባይት ስለሚሆን አንዱ መጽሐፍ 3.3 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ ይበቃዋል። የመስታወቱን ንዝረት ለማስቀረት መስታወቱ ከተነሣ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ቆይቶ የሚያነሣ ምርጫ አላት። በስክሪኑ ላይ ፊደሉን አጉልቶ ፎከስን በእጅ ማስተካከልም ይቻላል፤ ይህ ከእርሷ በፊት በነበረችው በዲ80 አልነበረም። እንግዲህ አንዳንዱ የተፈጥሮ ድክመት በአጠቃቀም ዕውቀት ሊታለፍ የሚችል ነው።

በብርሃን መለኪያዋ ላይም አንድ ነገር ልጨምር። የካሜራ መለኪያ በመሠረቱ ያየውን ነገር ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሠራል። በጥምቀት ቀን፣ በቀትር ፀሐይ፣ ነጭ ነጠላ የለበሰ ጠይም ሰው ፊቷ ሲቆም ነጩና ጠይሙ ይጋጩባታል። ለነጠላው ብታደላ ፊቱ ይጨልማል፤ ለፊቱ ብታደላ የነጠላው ሽመናና ጥለቱ በነጭ ብርሃን ይዋጣል። በጥሬ ፋይል የተነሣ ምስል ከፊሉን በኋላ ለማስተካከል ያስችላል፤ በጄፔግ ብቻ የተቀመጠ ግን የተቃጠለውን ነጭ አይመልስም። ስለዚህ ከዚያ ዘመን በቀሩ የበዓል ፎቶዎች ፊቶች ጠቁረው፣ ልብሶች ጥለት አልባ ሆነው ቢታዩ የሰዎቹ መልክ ወይም የአለባበሱ ወግ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ አይገባም። የመለኪያው ማስረጃ ነው።

ሰዓቱና ቁጥሩ

የመጨረሻው ነጥቤ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለመዝገብ ቤት ሰው ከሁሉ የበለጠ ነው። ዲ90 በእያንዳንዱ ምስል ውስጥ ቀን፣ ሰዓት፣ የሌንስ ዓይነትና የብርሃን ቅንብር ትጽፋለች። ይህ የፊልም ዘመን ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ ከሚጻፍ ማስታወሻ እጅግ የበለጠ ሀብት ነው። ነገር ግን ካሜራዋ የምታውቀው ሰው የነገራትን ሰዓት ብቻ ነው። የምታውቀው አቆጣጠርም አንድ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የላትም፣ ጳጉሜን አታውቅም። ባለቤቷ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ብሎ 3፡00 ቢሞላ ካሜራዋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብላ ትመዘግባለች። ዓመቱን 2001 ብሎ በእኛ አቆጣጠር ቢሞላ፣ ካሜራዋ ከመፈጠሯ ሰባት ዓመት በፊት የተነሣ ፎቶ ይገኛል። የፋይሉ ቁጥርም 9999 ሲደርስ ወደ 0001 ይመለሳል፤ በአንድ ማኅደር ውስጥ ሲደባለቁ አንዱ ሌላውን ሊተካና ሊያጠፋ ይችላል። ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ በውስጧ የለም፤ ለብቻው ይሸጥ ነበር።

ስለዚህ ምስሉ ውስጥ ያለው ቀን ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። እንደማንኛውም ምንጭ መመርመር አለበት፤ ጥላው ወዴት እንደወደቀ፣ ማሳው ላይ ያለው አዝመራ በየትኛው ወር የሚታይ እንደሆነ፣ በማግስቱ ከተነሡት ጋር ይስማማ እንደሆነ ማየት ይገባል።

መደምደሚያ

ክቡራንና ክቡራት፤ ዲ90 ዛሬ ያረጀች ካሜራ ናት። በኪሳችን ያለው ስልክ በብዙ ነገር ይበልጣታል፤ መስታወት ያላቸው ካሜራዎችም ቦታቸውን ለመስታወት አልባዎቹ እየለቀቁ ነው። እርሷ ያነሣቻቸው ምስሎች ግን አሁንም አሉ። በተመራማሪዎች ጠረጴዛ መሳቢያ፣ በተበላሹ ኮምፒውተሮች ውስጥ፣ ስም ባልተጻፈባቸው ሃርድ ዲስኮች ላይ ተቀምጠዋል። ከእነዚያ መካከል ዋናው ቅርስ የተቃጠለ፣ የተሰረቀ ወይም የተሸጠ ይኖራል፤ ያን ጊዜ የቀረው ምስክር ያ ፋይል ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በተለይ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ምስል ስታስረክቡ የካሜራውን ዓይነት፣ የሌንሱን ስምና የሰዓቱ አሞላል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በጽሑፍ አያይዙ። ሁለተኛ፣ ጥሬውን ፋይል አትሰርዙ፤ ያስተካከላችሁትን ለብቻ አስቀምጡ። ሦስተኛ፣ ከቦታው ሳትነሡ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ላይ ገልብጡት፤ አንዱንም ቅጂ ለቅርሱ ባለቤት ለሆነው ደብር ወይም ቤተሰብ ተዉለት።

የቀደሙት ጸሐፍት በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደተጻፈ፣ በማን ዘመን እንደተፈጸመ ያኖሩልን ነበር። ዛሬ ብዙውን ብራና ዘመኑን የምናውቀው ያን ጥቂት መስመር ስለጻፉልን ነው። በካሜራ የምንሠራው ሥራም ያንኑ ያህል ጥንቃቄ ሊደረግለት ይገባል።